ምክር ቤቱን ማን ይሽረዋል? የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የውክልና ታሪክ

የኦሮሚያ ክልል በ1998 ዓ.ም. የከተሞች አዋጁን በአዋጅ ቁጥር 116 ሲያሻሽል፣ ከከተማ ምክር ቤት መቀመጫ ግማሹ ለከተማው ኦሮሞ ነዋሪ፣ 20 በመቶው ደግሞ በዙሪያው ላሉ የገጠር ቀበሌዎች እንዲጠበቅ ደነገገ። የቀረው 30 በመቶ ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት ሆነ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1999 ዓ.ም.፣ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተካሄደ። በአዳማ 220,212 ሰው ተቆጠረ፤ ከዚህ ውስጥ 39 በመቶው ኦሮሞ፣ 34.5 በመቶው አማራ፣ 12 በመቶ ገደማው ጉራጌ፣ 5 በመቶው ስልጤ ነበር። አፉን የፈታበት ቋንቋ ሲጠየቅ ከነዋሪው 59 በመቶው አማርኛ፣ 26 በመቶው አፋን ኦሮሞ ብሎ መልሷል። ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ላነበበ ሰው ስሌቱ ከባድ ነው። 61 በመቶ የሚሆነው ነዋሪ ዕድሉን የሚሞክረው ከመቀመጫዎቹ በ30 በመቶው ላይ ብቻ፣ ያውም ከሁሉም ጋር ተወዳድሮ ነው። በአዳማም ሆነ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ስለ ከተማ ውክልና የሚነሣው ክርክር እዚሁ ስሌት ላይ ይቆማል። አንዱ ወገን ድልድሉን የበደል ካሳ ነው ይለዋል፤ ሌላው በገዛ ከተማው ባይተዋር የተደረገበት ሕግ ነው ይላል። ሁለቱም የሚሟገቱት ከተማው የማን ነው በሚለው ጥያቄ ነው። የምክር ቤቱን ታሪክ ከሥሩ ለተከተለው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። በሦስት ሥርዓቶች የከተማው ባለቤት ሦስት ጊዜ ተለዋውጧል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው የማንሣት ሥልጣን ግን ከበላይ አካል እጅ ወጥቶ ወደ ነዋሪው አልወረደም። የውክልናው ሕመም የሚጀምረው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የመቀመጫ ድልድሉም፣ የድልድሉ ተቃውሞም ይህን ሕመም አልነኩትም።

አዳማ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ በደረሰበት በ1909 ዓ.ም. ዙሪያ ጣቢያ ሆና ተቆረቆረች፤ በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ናዝሬት ተባለች። ሞጆና መተሐራም የሐዲዱን መስመር ይዘው አደጉ። በ1946 ዓ.ም. የኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር ከየአቅጣጫው የቀን ሠራተኛ፣ ነጋዴና ጸሐፊ ወደ አካባቢው ጎረፈ፤ ሜዳው ላይ ከብቱን ያሰማራ የነበረው የጅሌ ኦሮሞ ግን ቦታውን ለሸንኮራ አገዳ ለቀቀ። ለእነዚህ አዳዲስ ከተሞች የመጀመሪያውን ሕጋዊ ቅርጽ የሰጠው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74/1937 ነው። አዋጁ ባቆመው ሥርዓት ምክር ቤቱ ከፊሉ የሚኒስቴሮች ተወካዮች፣ ከፊሉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካላቸው ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች የሚመረጡ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ነበር፤ ሹመቱም ቁጥጥሩም ከአገር ግዛት ሚኒስቴር እጅ አልወጣም። በ1950 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫም ይህንኑ መንፈስ ይዟል፤ ዕጩው በምርጫ ወረዳው ቢያንስ የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ይጠበቅ ነበር። በሕጉ ላይ የብሔር ስም አንድም ቦታ አልተጻፈም። ይሁን እንጂ መሬቱ በማን እጅ እንደነበር፣ የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤና የፍርድ ቤቱ ክርክር በምን ቋንቋ እንደሚካሄድ ለሚያስታውስ ሰው፣ የንብረቱ መስፈርት በተግባር ማንን አስገብቶ ማንን ከደጅ እንዳስቀረ ግልጽ ነው። ቤት ተከራይቶ የሚኖረው የወንጂ ሠራተኛና ከከተማው ዳር የሚያርሰው ጭሰኛ፣ አንዱ አማርኛ ሌላው አፋን ኦሮሞ ቢናገሩም፣ ሁለቱም ከከተማው ጉዳይ ውጭ ነበሩ። ገባ የተባለው ባለ ቤትና ባለ ሱቅም ቢሆን የተሾመበትን ሹም መሻር አይችልም፤ የሾመው እሱ አልነበረምና።

ደርግ ይህን ከሥሩ ነቀለው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌን፣ ወለደ። ከቀበሌ በላይ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ በላይ የከተማው ማኅበር ተዋቀረ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ጥቃቅን ክርክር ይዳኝ፣ የኅብረት ሱቁ ስኳርና ዘይት ያከፋፍል ጀመር። ይህን ዘመን በአንድ ቃል ማውገዝ ቀላል ቢሆንም ፍትሐዊ አይሆንም። ተከራይ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ሊስትሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈሩን መሪ እጁን አውጥቶ የመረጠው ያኔ ነው፤ የመሪው ቢሮም ከቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ ነበር። ሹም ለነዋሪው በቦታ እንዲህ ቀርቦ አያውቅም። ነገር ግን መምረጫው መስፈርት ከንብረት ወደ መደብ ዞረ፤ ትርፍ ቤት የነበራቸው ለጊዜው ከመምረጥና ከመመረጥ ታገዱ፤ «ሰፊው ሕዝብ» የሚባለው ማን እንደሆነና ማን እንዳልሆነ የሚወስነው ካድሬው ሆነ። በቀይ ሽብር ዓመታት የአብዮት ጥበቃ ጓድ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የራሱን ጎረቤት ሲያስርና ሲገድል ትእዛዙ የሚመጣው ከላይ፣ ተጠያቂነቱም ወደ ላይ ነበር። ነዋሪው መሪውን እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ እንዲያወርደው ግን አልተፈቀደለትም። የቀበሌው መዋቅር ደግሞ ከደርግ ጋር አልወደቀም። መታወቂያውን፣ ስብሰባውንና ዝርዝሩን እንደያዘ ለሚቀጥለው ሥርዓት ተላለፈ።

ሦስተኛው ባለቤት ብሔር ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ አፋን ኦሮሞ በቁቤ የትምህርትና የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ከመንግሥት ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋ መነጋገር የተቻለበት ይህ ለውጥ ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ለክርክርም መቅረብ የለበትም። በዚያው ዓመት ግን ውክልናውን ያሰነካከለ ሌላ ነገር ሆነ። ሰኔ 1984 ዓ.ም. በተደረገው የክልል ምርጫ ዋዜማ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር ከውድድሩ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የሽግግር መንግሥቱን ለቀቀ። ሜዳው በ1982 ዓ.ም. በኢሕአዴግ ሥር ለተመሠረተው ኦሕዴድ ብቻውን ቀረ። ለኦሮሞ ሕዝብ የተሰጠው የፖለቲካ ሥፍራ ሰፊ ነበር፤ በዚያ ሥፍራ ላይ ለመናገር ፈቃድ ያገኘው ግን አንድ ድርጅት ነበር። አንድ ሕዝብ ተወካይ አለው ለማለት ቢያንስ በሁለት ሰዎች መካከል መምረጥ መቻል አለበት፤ ካልቻለ ድርጅቱ በሕዝቡ ስም ይሾማል እንጂ ሕዝቡን አይወክልም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይህን ውጥረት በሆዱ ይዟል። አንቀጽ 8 የሉዓላዊነት ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 12 የመንግሥት ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ በተጠያቂነት እንደሚያዙ፣ መራጩም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል፤ አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። አንቀጽ 8 በየቢሮው ተሰቅሏል፤ አንቀጽ 12 ግን ነዋሪው በገዛ ፈቃዱ የሚጠቀምበት መሣሪያ ሳይሆን ቀርቷል። ሕወሓት በ1993 ዓ.ም. ሲከፈል ይህ የማንሣት ሥርዓት ከድርጅቱ ማዕከላዊ ኮሚቴ የተገለሉ ሰዎችን በመራጮቻቸው ስም ከምክር ቤት ለማስወጣት ዋለ። መራጩ የሚሽርበት በትር ድርጅቱ አባሉን የሚቀጣበት ሆነ።

ይህ ለአዳማ ምን ትርጉም እንደነበረው የክልሉ መቀመጫ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ፤ የከተማዋም ስም ወደ አዳማ ተመለሰ። ውሳኔው ኦሮሞን ከአዲስ አበባ ማራቅ ነው ያሉ ተማሪዎችና የሜጫና ቱለማ ማኅበር አባላት በ1996 ዓ.ም. ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ የታሰሩና ከዩኒቨርሲቲ የተባረሩም ነበሩ። ከዚያ ኢሕአዴግ በግንቦት 1997ቱ ምርጫ አዲስ አበባን ተሸነፈ፤ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ። በሚቀጥለው ወር፣ በሰኔ፣ የኦሮሚያ መቀመጫ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመለስ ተነገረ። አዳማ ለአምስት ዓመት ገደማ የክልል መዲና ስትሆንም፣ ክብሩ ሲወሰድባትም፣ ነዋሪዋ፣ ኦሮሞውም ሌላውም፣ በጉዳዩ ላይ ድምፅ እንዲሰጥ አልተጠራም። ሁለቱም ውሳኔዎች በኦሮሞ ስም ተወሰኑ፤ ሁለቱም የተወሰኑት በድርጅት ውስጥ ነው።

አዋጅ 116/1998 የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለአዋጁ የሚቀርበው መከራከሪያ ጠንካራ ስለሆነ በሙሉ ኃይሉ ሊቀርብ ይገባል። በኦሮሚያ እምብርት የተቆረቆሩት እነዚህ ከተሞች ኦሮሞውን ለረጅም ጊዜ ገበያ ውሎ የሚመለስ እንግዳ አድርገውት ኖረዋል። በከተማ ለመኖር ቋንቋውን፣ አንዳንዴም ስሙን መለወጥ የነበረበት ትውልድ ገና በሕይወት አለ። በቁጥር ብቻ የሚደረግ ምርጫ ይህን ታሪክ አጽድቆ ማሳለፍ ይሆናል። ለገጠር ቀበሌዎች የተሰጠው 20 በመቶም የራሱ ምክንያት አለው። ከተማ ሲሰፋ የሚወሰደው መሬት የዙሪያው ገበሬ ስለሆነ፣ ውሳኔው የሚነካው ሰው በውሳኔው ላይ ድምፅ ይኑረው ማለት ከተጠያቂነት መርህ የሚቀዳ ሐሳብ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ልዩነቴ የሚጀምረው መቀመጫው ከተያዘ በኋላ የሆነውን ስመለከት ነው። አዋጁ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም.፣ ለ3.6 ሚሊዮን ያህል የአካባቢ ምክር ቤት መቀመጫዎች በአገር ደረጃ ምርጫ ተካሄደ፤ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወሰዱት። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ደግሞ 33 የተቃዋሚ ፓርቲዎች ሜዳው አልተስተካከለም ብለው ከውድድሩ ራቁ። ስለዚህ ለኦሮሞ የተጠበቀው ወንበር በተግባር ለኦሕዴድ ዕጩ የተጠበቀ ወንበር ሆነ፤ ለሁሉም ክፍት የተባለውም ከዚያው ግንባር እጅ አልወጣም።

ድልድሉ የታለመለትን ሰው ይጠቅም እንደሆነ የተፈተነው በመሬት ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲመጣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም.፣ ከዚያም ከኅዳር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት፣ የኦሮሞ ወጣትና ገበሬ አደባባይ ወጣ። ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ኦሕዴድ ዕቅዱን ሰረዘ። በከተሞቹ ምክር ቤቶች ከመቀመጫው 70 በመቶው በሕግ የተጠበቀለት ሕዝብ መሬቱን ለማስከበር ደሙን ማፍሰስ ለምን አስፈለገው? ምክር ቤቱ ዕቅዱን ተከራክሮ ቢጥለው ኖሮ ጎዳናው ባላስፈለገ ነበር። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ኦሮሞ ነበር፤ ወንበሩን የሚነሣውና የሚሰጠው ግን ገበሬው አልነበረም። ይህ ነጥብ የኦሮሞን የውክልና ጥያቄ ለሚያቀነቅኑ ወገኖች ከማንም በላይ ሊከብዳቸው ይገባል፤ የተጠበቀው መቀመጫ ከሌላው ነዋሪ የወሰደውን ድርሻ ለኦሮሞው ገበሬ አላደረሰውም።

ከተቃራኒው ወገን የሚሰማው መልስ ድልድሉን መሻር፣ ዜግነትን ብቻ መያዝ የሚል ነው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ከሆነ ተጠያቂነት በራሱ ይመጣል ይላሉ። የ1937ቱ ማዘጋጃ ቤት ግን ብሔርን ሳይጠራ ለሠላሳ ዓመት ያህል ለሚኒስትሩ ብቻ ታዛዥ ሆኖ ኖሯል። የ1997ቱ የአዲስ አበባ ምርጫም የብሔር ድልድል አልነበረበትም፤ ድምፁም የማያሻማ ነበር። ውጤቱን የተከተለው ውዝግብ፣ የአሸናፊው ፓርቲ ወንበሩን አለመረከብና የመሪዎቹ መታሰር ከተማዋን በ1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ ለሚመራ ባለአደራ አስተዳደር አስረከባት። ድልድል ስለሌለ ብቻ የመራጩ ቃል አይከበርም። ከዚህም በላይ፣ በአዳማ ድልድሉን ነገ ቢያነሡት ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ተገልጋይም ሆነ ለዳር ገበሬው የሚተካለት ዋስትና ምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሌለው ሐሳብ ሌላውን ወገን ማሳመን አይችልም፤ ማሳመን የማይችል ሐሳብ ደግሞ በነዚህ ከተሞች ሕግ ሆኖ አይቆይም።

ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ እንዳልሆነ የሌሎች አገሮች ልምድ ያሳያል። ሕንድ በዚህ ጥያቄ የተፈተነችው በ1932 እ.ኤ.አ. ነው። የተገፋው ወገን መሪ አምበድካር ወገኑ ተወካዩን ለብቻው እንዲመርጥ ጠየቀ፤ ጋንዲ ይህን ተቃውሞ ጾም ገባ፤ በፑና ስምምነት መቀመጫው ተጠብቆ መራጩ ግን የጋራ እንዲሆን ተስማሙ። ዛሬም በሕንድ የመንደር ምክር ቤቶች ወንበሩ ለተወሰነ ወገን ዕጩዎች ይጠበቃል፤ ድምፅ የሚሰጠው የቀጠናው ነዋሪ ሁሉ ነው። ተወካዩ ከተገፋው ወገን ይወጣል፤ በሚቀጥለው ምርጫ የሚያወርደው ግን ጎረቤቱ ሁሉ ስለሆነ ለሁሉም መልስ መስጠት አለበት። አምበድካር ራሱ ቅር ያለው በከንቱ አልነበረም፤ የጋራ መራጭ ለብዙኃኑ የተመቸ ለስላሳ ሰው ሊያስመርጥ ይችላል፤ ይህ ጉድለት እስከ ዛሬ ይነሣል። የሊባኖስ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ መቀመጫው በሃይማኖት ከመከፋፈሉ ሌላ ዜጋው የሚመርጠው በሚኖርበት ሳይሆን የቤተሰቡ መዝገብ ባለበት ቦታ ነው፤ በቤይሩት ዳርቻ ዕድሜውን የኖረ ሰው የሰፈሩን ቆሻሻ በማያነሣው ማዘጋጃ ቤት ላይ ድምፅ የለውም፣ ከተራራ ላይ ላለው የአያቱ መንደር ግን ሹም ይመርጣል። ማንነት የዕጩውን ወንበር ሲጠብቅና መራጩን ከሚኖርበት ቦታ ሲነቅል ውጤቱ የተለያየ ነው። ለአዳማ የሚበጀው የመጀመሪያው ነው።

ተጠያቂነት ወደ ላይ ብቻ ሲሆን የሚያስከፍለውን ዋጋ ሻሸመኔ አይታዋለች። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት በሻሸመኔ፣ በባቱና በሌሎች ከተሞች ቤትና ሱቅ ተቃጠለ፤ ሰዎች በማንነታቸውና በሃይማኖታቸው ተለይተው ተጠቁ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በመረመራቸው አካባቢዎች 123 ሰዎች መሞታቸውን፣ ቢያንስ 500 መቁሰላቸውን ገለጸ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ በፀጥታ ኃይሎች እጅ የወደቁ ነበሩ። ሪፖርቱ ከያዛቸው ነገሮች እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ተጎጂዎች ለአካባቢ ባለሥልጣንና ለፖሊስ ደጋግመው ደውለው ከበላይ ትእዛዝ አልደረሰንም የሚል መልስ ማግኘታቸው ነው። በአንድ በኩል ትእዛዝ የሚጠብቅ ፖሊስ ቤት ሲቃጠል ቆሞ አየ፤ በሌላ በኩል የተኮሰው ኃይል ብዙ ተቃዋሚና መንገደኛ ገደለ። የተቃጠለበት ነጋዴም የተገደለበት ኦሮሞ ቤተሰብም የከተማው ሹም ሥልጣን ምንጭ አልነበሩም። በሚቀጥለው ምርጫ ወንበሩን በነዚህ ሰዎች ድምፅ እንደሚያጣ የሚያውቅ ከንቲባ ስልኩን ባላስጠራው ነበር ማለት ያስደፍራል።

ያ የሚቀጥለው ምርጫ ነው ያልመጣው። ከሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ወዲህ በእነዚህ ከተሞች የአካባቢ ምርጫ አልተካሄደም፤ በ2010 ዓ.ም. ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤቶች ድምፅ ሲሰጥ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነዋሪ የከተማውን ምክር ቤት መረጠ፣ የአዳማ፣ የቢሾፍቱና የሻሸመኔ ነዋሪ አልመረጠም። የሕዝብ ቆጠራውም በሰኔ 2011 ዓ.ም. እንደገና ስለተላለፈ ስለ ከተሞቹ ስብጥር የምንከራከረው አሁንም በ1999 ዓ.ም. ቁጥር ነው። ኦሕዴድ ስሙን ወደ ኦዴፓ ለውጦ ወደ ብልጽግና ፓርቲ ገብቷል፤ ከንቲባ በድርጅት ምደባ መምጣቱና ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መዛወሩ ግን አልተለወጠም። በዚህ ውጥረት መካከል የከተማ ምርጫ ማካሄድ እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸውን አላቃልለውም። ሆኖም የ2008 ዓ.ም. ተቃውሞም የ2012ቱ ጥፋትም የመጡት በምርጫ ወቅት ሳይሆን ነዋሪው ሹሙን በወረቀት ማንሣት በማይችልበት ዘመን ነው። ለአዳማ የሚሆነው የከተማ ሕግ ለኦሮሞ ዕጩዎችና ለዳር ገበሬዎች የሚጠብቀውን ወንበር ጠብቆ፣ ለሌላው ነዋሪም ከቁጥሩ ጋር የሚቀራረብ ድርሻ አስፍቶ፣ ለእያንዳንዱ ወንበር ድምፅ የሚሰጠውን መራጭ የቀጠናው ነዋሪ ሁሉ ሊያደርገው ይችላል። ከንቲባው ከዚያው ምክር ቤት ወጥቶ በዚያው ምክር ቤት የሚሻር ይሁን፤ የመሬት ሊዝ ውሳኔም በተከፈተ ጉባኤ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በስሙ ተመዝግቦ ይወሰን። ድልድሉን በአዲስ ቁጥር ለማስተካከል ቆጠራው ያስፈልጋል፤ ምርጫው ግን ቆጠራውን መጠበቅ የለበትም፤ 30፣ 50 ወይም 70 በመቶ የሚለው ክርክር ቢቀጥል እንኳ ክርክሩን የሚያካሂዱት በአዳማ ነዋሪ ድምፅ የገቡና በአዳማ ነዋሪ ድምፅ ሊወጡ የሚችሉ ሰዎች መሆን አለባቸው።